ቆሞ የሚያይ ሕዝብ፦ የብሪታንያ የእግር ኳስ ሜዳዎች የመቆሚያ ደረጃዎችና ያስከተሉት አደጋ

አንድ መሐንዲስ ወለል ሲነድፍ በላዩ የሚያርፈውን ሸክም አስቀድሞ ያሰላል። ሸክሙ እህል ቢሆን በኩንታል፣ ውኃ ቢሆን በሊትር፣ ሰው ቢሆን በነፍስ ወከፍ ክብደት ይለካል። ይሁን እንጂ ሰው ከእህልና ከውኃ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ክብደት ብቻ አለመሆኑ ነው። ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ሌላውን ይገፋል፤ በሌላው ይገፈተራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መተንፈስ አለበት። የብሪታንያ የእግር ኳስ ሜዳዎች ታሪክ፣ በተለይም ሕዝቡ ቆሞ ጨዋታ ይመለከትባቸው የነበሩት ደረጃዎች ታሪክ፣ ይህ ግልጽ ነገር በሕግና በአሠራር እስኪታወቅ ድረስ ምን ያህል ዘመንና ምን ያህል ሕይወት እንደ ጠየቀ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች «ቴራስ» ብለው የሚጠሩት የመቆሚያ ደረጃ አሠራሩ ቀላል ነው። በሜዳው ዙሪያ አፈር ወይም የከሰል አመድ ተቆልሎ፣ ፊቱ እንደ ደረጃ ተቆርጦ፣ በሳንቃ ወይም በሲሚንቶ ይከደናል። ወንበር የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜም ጣራ አይኖረውም። የፋብሪካና የመርከብ ሠራተኛው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሥራ ሲለቀቅ በጥቂት ሳንቲም ገብቶ የሚቆምበት ስፍራ ነው። በ1888 በአሥራ ሁለት ክለቦች የተቋቋመው የእንግሊዝ የእግር ኳስ ሊግ እየተስፋፋ በሄደ መጠን፣ ለክለቦቹ ዋነኛው ገቢ በበር የሚሰበሰበው ገንዘብ ሆነ። ስለሆነም የመቆሚያው ደረጃ በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው የሚይዝ፣ ለክለቡ ትርፋማ፣ ለተመልካቹም ርካሽ በመሆኑ ሁለቱም ወገን ወደዱት። ስንት ሰው ይይዛል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ከስሌት የመጣ አልነበረም፤ ባለፈው ትልቅ ጨዋታ ስንት ሰው ገብቶ ነበር ከሚለው መዝገብ የተወሰደ ነበር።

ተመልካቹ ለእነዚህ ስፍራዎች ያለው ፍቅርም መዘንጋት የለበትም። የአዲስ አበባ ሰው ለስታዲዮሙ ክፍሎች ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ እያለ ስም እንዳወጣላቸው ሁሉ፣ የሊቨርፑል ሰውም በ1906 ከአንዱ ጎል ጀርባ ለተሠራው ታላቅ የመቆሚያ ደረጃ «ስፓዮን ኮፕ» የሚል ስም ሰጠው። ስፓዮን ኮፕ በ1900 በደቡብ አፍሪካ በቦየሮች ጦርነት ብዙ የእንግሊዝ ወታደሮች ያለቁበት ኮረብታ ነው። ካታንጋም የኮንጎ አውራጃ ስም መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ከሩቅ ጦር ሜዳ የመጣ ስም በኳስ ሜዳ ላይ ሲተከል፣ በዚያ የሚቆመው ሰው ራሱን እንደ አንድ ሠራዊት ይቆጥር እንደነበር ይጠቁማል።

የመጀመሪያው ታላቅ አደጋ የደረሰው በግላስጎ ከተማ ነው። የሬንጀርስ ክለብ በአይብሮክስ ሜዳው ምዕራባዊ ክፍል በብረት ቋሚዎች ላይ የተረበረበ የሳንቃ መቆሚያ አሠራ። ነዳፊው አርቺባልድ ሊች የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፣ ራሱም የክለቡ ደጋፊ ነበር። ሚያዝያ 5 ቀን 1902 ስኮትላንድና ኢንግላንድ ሲጋጠሙ ሜዳው ከጥግ እስከ ጥግ ሞላ። ጨዋታው ከተጀመረ ጥቂት ቆይቶ በመቆሚያው የላይኛው ክፍል ሳንቃዎቹ ተሰነጠቁ፤ በተከፈተውም ቀዳዳ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከአሥራ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ወደ መሬት ወረዱ። 25 ሰዎች ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ጨዋታው ለጊዜው ከቆመ በኋላ ቀጠለ፤ ምክንያቱም ቢቋረጥ በቀረው ሕዝብ ላይ ድንጋጤና ሽብር ይነሣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አንድ ለአንድ ተጠናቀቀ፤ በኋላም ውጤቱ ተሰርዞ ግጥሚያው በበርሚንግሃም እንደገና ተደረገ፤ ገቢውም ለተጎጂዎች ተሰጠ። ሳንቃውን ያቀረበው ተቋራጭ በወንጀል ተከሶ በነፃ ተለቀቀ።

ሊች ከዚህ በኋላ ሥራው ያከትምለታል ተብሎ ቢጠበቅ ትክክል ነበር። ነገር ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። መሐንዲሱ በሳንቃና በብረት የተንጠለጠለ መቆሚያ መሥራት ትቶ፣ ደረጃዎቹን በደለደለ የአፈር ቁልል ላይ ማሳረፍ ጀመረ፤ በየደረጃው መካከልም ከበስተኋላ የሚመጣውን ግፊት የሚሰብር የብረት መከላከያ ተከለ። በሚቀጥሉት ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ከሃያ በላይ የሚሆኑ የብሪታንያ ስታዲዮሞች በእርሱ እጅ ተነደፉ ወይም ታደሱ። ከነዚህ አንዱ የሆነው የግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ በሚያዝያ 1937 ስኮትላንድና ኢንግላንድ ሲጫወቱ ከ149 ሺ በላይ ተመልካች አስተናገደ። እንግዲህ ከ1902ቱ አደጋ የተወሰደው ትምህርት አፈሩ እንዳይናድ የሚል ነበር ማለት ነው። በእርግጥም አፈሩ አልተናደም። ከዚያ ወዲህ የደረሱት ታላላቅ አደጋዎች የመቆሚያው መሬት ሳይነቃነቅ የደረሱ ናቸው፤ አስቸጋሪውም ነገር ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሕንፃ ሲወድቅ ጥፋቱ ለዐይን ይታያል፤ ሕንፃው ቆሞ ሰው ሲሞት ግን ጥፋተኛው ሰውየው ይመስላል።

በሚያዝያ 1923 አዲሱ የዌምብሌይ ስታዲዮም ሲመረቅ የታየው ትዕይንት በብሪታንያ እንደ ደስ የሚል ተረት ሲነገር ኖሯል። ቦልተንና ዌስት ሃም ለዋንጫ ሲደርሱ ስታዲዮሙ 127 ሺ ያህል ሰው እንደሚይዝ ተነግሮ ነበር። ቲኬት አስቀድሞ እንዲሸጥ ባለመደረጉ የመጣው ሕዝብ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሆነ፤ አንዳንዱ ሁለት መቶ ሺ፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይለዋል። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ፣ በሩን ጥሶ ገባና ሜዳውን አጥለቀለቀው። ጆርጅ ስኮሪ የተባለ ፖሊስ «ቢሊ» በሚባል ነጭ መሳይ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሌሎች ፖሊሶችም እየረዱት ሕዝቡን ቀስ በቀስ ወደ መስመሩ ዳር መለሰው፤ ጨዋታውም ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ተጀመረ፤ ቦልተን ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ወደ አንድ ሺ የሚጠጋ ሰው ቢጎዳም የሞተ አልነበረም። የሞተ ባለመኖሩ ፈረሱ ታሪክ ሆነ፤ የቁጥሩ ጉዳይ ግን ተረሳ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያን ቀን ሕዝቡን ያዳነው ሜዳው ክፍት መሆኑ ነበር። የተጨናነቀው ሰው ወደ ፊት የሚፈስበት ባዶ ስፍራ ነበረው።

መንግሥት የቀድሞውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሾርትን ሰብሳቢ አድርጎ ኮሚቴ አቋቋመ። የእግር ኳስ ማኅበሩ ለኮሚቴው የምስክርነት ቃል ለመስጠት ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። ኮሚቴው በ1924 ባቀረበው ሪፖርት ብዙ ጠቃሚ አሳቦች ቢያነሣም፣ አፈጻጸሙን ለስፖርት ማኅበራቱ በጎ ፈቃድ ተወው። ከዚህ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ተተከለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከአደጋ በኋላ ሪፖርት ይጻፋል፤ ሪፖርቱም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

መጋቢት 9 ቀን 1946 በቦልተን ከተማ በበርንደን ፓርክ ሜዳ የሆነው ግን ተረት ሊሆን የማይችል ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ዓመት አልሞላውም፤ ሕዝቡ ኳስ ተርቧል፤ የእንግዳው የስቶክ ሲቲ ቡድን ደግሞ ስታንሊ ማቲውስን የመሰለ ዝነኛ ተጫዋች ይዞ መጥቷል። በኦፊሴል የተመዘገበው ተመልካች 65 ሺ 419 ሲሆን፣ የመጣው ሕዝብ ግን 85 ሺ እንደሚደርስ ተገምቷል። ከሜዳው መቀመጫዎች አንዱ ክፍል በጦርነቱ ጊዜ ለመንግሥት ዕቃ ማከማቻ ተሰጥቶ ገና ስላልተመለሰ፣ በዚያ በኩል ያሉት በሮች አልተከፈቱም። ከዚህ የተነሣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ወዳለው የመቆሚያ ደረጃ የሚገባው ሰው ሁሉ በአንድ ማዕዘን በኩል ብቻ ይጎርፍ ነበር። በሮቹ ከተዘጉ በኋላም ሰው በአጥርና በሐዲዱ ላይ ተንጠላጥሎ ገባ። ከውስጥ የነበረ አንድ አባት ጭንቁን አይቶ ልጁን ይዞ ለመውጣት የአንዱን በር ቁልፍ ከፈተ፤ እርሱ ሲወጣ ከውጭ ያለው በዚያው ገባ።

ጨዋታው ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁለት መከላከያ ብረቶች ተሰበሩ፤ ሕዝቡም ወደ ታች ተደፋ። 33 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ሬሳዎቹ በካፖርት ተሸፍነው በሜዳው ዳር ተዘረጉ። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ በሬሳዎቹና በተጫዋቾቹ መካከል በእንጨት ፍቅፋቂ አዲስ መስመር ተሰምሮ ጨዋታው ቀጠለ፤ ያለ ዕረፍትም ተጫውተው ባዶ ለባዶ ተለያዩ። ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው ጭካኔ ነው ይል ይሆናል። ግን በስታዲዮሙ ከነበረው ሕዝብ አብዛኛው ሰው መሞቱን አላወቀም ነበር፤ እንዲበተን ቢታዘዝ ምን እንደሚከተል ማንም ሊተነብይ አይችልም ነበር። በ1902 በግላስጎ ጨዋታውን ያስቀጠለውም ይኸው ስጋት ነው።

የበርንደን ፓርክን አደጋ እንዲመረምር የተሾመው ሞልዊን ሂውዝ ያቀረበው ሪፖርት ከቀደመው ሁሉ የተሻለ ነበር። እያንዳንዱ የመቆሚያ ክፍል ስንት ሰው መያዝ እንደሚችል በስሌት እንዲወሰን፣ የሚገባው ሰው በመሣሪያ እየተቆጠረ ልኩ ሲሞላ በሩ እንዲዘጋ፣ ትላልቅ ሜዳዎችም ከአካባቢ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያወጡ አሳሰበ። ዛሬ በማንኛውም አገር የሚሠራበት የስታዲዮም ደኅንነት መሠረት በእነዚህ ጥቂት አሳቦች ውስጥ ይገኛል። ሕግ ሆነው የወጡት ግን ከ29 ዓመት በኋላ ነው፤ ለዚያውም በከፊል።

እዚህ ላይ ሰው በሕዝብ መካከል ታፍኖ እንዴት እንደሚሞት መግለጽ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ «ተረጋግጠው ሞቱ» ይባላልና። እውነቱ ይህ አይደለም። አብዛኞቹ የሚሞቱት ቆመው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሦስት ወይም አራት ሰው ሲቆም እያንዳንዱ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ይችላል። ቁጥሩ ስድስትና ሰባት ሲደርስ ግለሰቡ የራሱ እግር አዛዥ መሆኑ ያከትማል፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ መፍሰስና መዋለል ይጀምራል፤ ከአንድ ጫፍ የተነሣ ግፊት እንደ ማዕበል ወደ ሌላው ጫፍ ይደርሳል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ለወጣቱ ተመልካች ይህ መዋለል የጨዋታው ደስታ ክፍል ነበር፤ ጎል ሲገባ ሕዝቡ አሥር ደረጃ ያህል ቁልቁል ተንዶ እንደገና ወደ ላይ ይመለስ ነበር። ግፊቱ ሳይመለስ ሲቀር ግን ደረት ለመተንፈስ መስፋት ያቅተዋል፤ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ከዚያም ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ያለውን ሁኔታ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የኋለኛው የሚሰማው ጥቂት መጠጋጋት ብቻ ነው። ስለዚህ «ለምን ገፉ?» የሚለው ጥያቄ የሕዝብን ጠባይ ከማያውቅ ሰው የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የአይብሮክስ ሜዳ በ1971 እንደገና የሐዘን ቦታ ሆነ። ይህ ጊዜ አደጋው የደረሰው በመቆሚያው ላይ ሳይሆን በመውጫው ላይ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን የሚገኘው 13ኛው ደረጃ ወደ ምድር ባቡር ጣቢያው ስለሚያቀርብ ብዙ ሰው ይመርጠው ነበር። ረጅምና ቁልቁለቱ የበዛ ነው፤ በብረት መደገፊያዎች በሰባት መስመር ተከፋፍሏል፤ ግራና ቀኙ ደግሞ በጠንካራ የሳንቃ አጥር ተዘግቷል። አንድ ጊዜ የገባበት ሰው ወደ ጎን መውጫ የለውም። በዚሁ ደረጃ በ1961 ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ በ1967 ስምንት፣ በ1969 ደግሞ 26 ሰዎች ቆስለዋል። ሦስት ማስጠንቀቂያ ማለት ነው።

ጥር 2 ቀን 1971 ሬንጀርስና ሴልቲክ ሲጫወቱ ከ80 ሺ በላይ ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። በ89ኛው ደቂቃ ሴልቲክ ጎል አገባ፤ ወዲያውም ሬንጀርስ አቻ አደረገ። ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ በ13ኛው ደረጃ ሲወርድ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ተደናቀፉ። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ሊቆም ስላልቻለ ሰው በሰው ላይ ተከመረ፤ የብረት መደገፊያዎቹ ተጣመሙ። 66 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ፤ አምስቱ ከአንዲት ትንሽ ከተማ አብረው የመጡ ልጆች ናቸው። ለብዙ ጊዜ ሲወራ የነበረው፣ ቀድመው የወጡት ሰዎች የጎሉን ጩኸት ሰምተው ሲመለሱ ከሚወርዱት ጋር ተጋጩ የሚል ነው። ምርመራው ይህ ሐሰት መሆኑን፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዱ እንደነበር አረጋገጠ። ወሬው ግን ከምርመራው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ወሬው ጥፋቱን ከደረጃው አንሥቶ በሟቾቹ ላይ ያደርገዋልና። በ1974 ፍርድ ቤት ክለቡ በቸልተኝነት ኃላፊ መሆኑን ወሰነ። ሬንጀርስም ሜዳውን ለማደስ ሲነሣ የጀርመኑን የዶርትሙንድ ስታዲዮም አርአያ አድርጎ፣ ከ1978 እስከ 1981 ባለው ጊዜ አብዛኛውን ክፍል በወንበር ተካው።

የብሪታንያ መንግሥትም በዚህን ጊዜ ነቃ። ጉዳዩን እንዲያጠና የተሾሙት ዳኛ ሎርድ ዊትሊ በ1972 ሪፖርታቸውን አቀረቡ፤ በ1973 በሕዝቡ ዘንድ በሽፋኑ ቀለም «አረንጓዴው መመሪያ» የተባለው የቴክኒክ መጽሐፍ ወጣ፤ በ1975 ደግሞ ከ10 ሺ በላይ ተመልካች የሚይዙና በመንግሥት የተሰየሙ ስታዲዮሞች የደኅንነት የምስክር ወረቀት እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ ታወጀ። መመሪያው ለባለሙያ ጠቃሚ ሰነድ ነው። በጥሩ ሁኔታ ላይ በሚገኝ የመቆሚያ ደረጃ በአሥር ካሬ ሜትር ከ54 ሰው በላይ እንዳይቆም፣ በአንድ ተሽከርካሪ በር በሰዓት ከ750 ሰው በላይ ያልፋል ተብሎ እንዳይታሰብ፣ የመተላለፊያ ቁልቁለት ከ1 ለ 10 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከእንግዲህ «አላወቅንም ነበር» ማለት አይቻልም። ቁጥሮቹ ታትመው በየጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠዋል።

ይሁን እንጂ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ሌላ ነገር ተደረበ። በተመልካቾች መካከል ጠብና ድብድብ በመብዛቱ፣ ባለሥልጣኖች ሕዝቡን ከሜዳው የሚለይ ከፍተኛ የብረት አጥር እንዲተከል አዘዙ፤ የመቆሚያ ደረጃዎቹንም ወደ ጎን በአጥር ከፋፈሏቸው። እንግሊዞች ለእነዚህ ክፍሎች የሰጧቸው ስም «በረት» ማለት ነው፤ ለከብት የሚሉትን ቃል ነው የተጠቀሙት። የደኅንነት ጥያቄ የነበረው የጸጥታ ጥያቄ ሆነ፤ ፖሊሱም ሕዝቡን የሚመለከተው ሊጠበቅ እንደሚገባው ሳይሆን ሊጠበቁት እንደሚገባ ነገር ነበር። በ1985 ግንቦት በብራድፎርድ ከተማ የእንጨት መቀመጫ በእሳት ሲጋይ 56 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተገኙት ከኋላ በተቆለፉት መውጫዎች አጠገብ ሲሆን፣ በሺ የሚቆጠሩት የዳኑት ግን ከፊታቸው አጥር ስላልነበረ ወደ ሜዳው በመሮጣቸው ነው። (ክለቡ በሦስተኛው ዲቪዚዮን ስለነበረ የ1975ቱ ሕግ ገና አልደረሰበትም።) በዚያው ወር መጨረሻ በብራስልስ በሄይሰል ስታዲዮም የሊቨርፑል ደጋፊዎች ባነሡት ጥቃት 39 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጣልያኖች፣ በግንብ ሥር ተጨፍልቀው ሞቱ። የብሪታንያ ሕዝብና መንግሥት ያስታወሱት የኋለኛውን ነው። ከብራድፎርድ የተገኘው ትምህርት፣ ማለትም አጥር ገዳይ ሊሆን እንደሚችል፣ በሄይሰል ቁጣ ተሸፈነ።

ወደ ሸፊልድ ከተማ ወደ ሂልስቦሮ ስታዲዮም የሚያመራው መንገድ እንግዲህ ይህ ነው። በሌፒንግስ ሌን በኩል ያለው የመቆሚያ ደረጃ በ1979 በተሰጠው የምስክር ወረቀት 10 ሺ 100 ሰው እንዲይዝ ተፈቅዶለት ነበር። በ1981 በዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ጊዜ በዚያው ቦታ መጨናነቅ ደርሶ 38 ሰዎች ሲጎዱ፣ ከሞት የተረፉት ወደ ሜዳው ዳር በመውጣታቸው ነው። መፍትሔ ተብሎ የተሠራው ደረጃውን በአጥር መከፋፈል ሆነ። በ1985 እንደገና ተከፋፈለ፤ በ1986 ደግሞ ከዋሻ መሰሉ መግቢያ አጠገብ የነበረ አንድ መከላከያ ብረት ተነሣ። ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ጊዜ እንኳ አልታረመም። መካከለኞቹ ሦስተኛውና አራተኛው በረቶች በጠቅላላው 2 ሺ 200 ሰው ይይዛሉ ይባል ነበር፤ ከአደጋው በኋላ በመመሪያው መሠረት ሲሰላ ግን ልካቸው 1 ሺ 693 ሆኖ ተገኘ።

አሁን ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት በተጋጠሙበት ቀን የነበረውን ሒሳብ መመልከት ይበቃል። ለዚህ መቆሚያ 10 ሺ 100 ቲኬት ተሽጧል። የተመደቡት ተሽከርካሪ በሮች ሰባት ናቸው። መመሪያው እንደሚለው እያንዳንዱ በር በሰዓት ቢበዛ 750 ሰው ቢያሳልፍ፣ ሰባቱ 5 ሺ 250 ያሳልፋሉ። ስለዚህ አንድም እክል ሳያጋጥም ሕዝቡን ሁሉ ለማስገባት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚጎድለው ጊዜ ያስፈልጋል። ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በእነዚህ በሮች የገባው 4 ሺ 400 ያህል ሰው ነበር፤ 5 ሺ 700 የሚሆን ገና ውጭ ነው። እርሱን ብቻ ለማስገባት ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ይህን ለማወቅ ከተራ ማካፈል ያለፈ ዕውቀት አያሻም። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ሜዳ ተመሳሳይ መዘግየት ሲያጋጥም ጨዋታው በሩብ ሰዓት እንዲዘገይ ተደርጎ ነበር። በ1989 ግን አልተደረገም።

በበሮቹ ፊት ያለው ሕዝብ ሊፈጅ ሲደርስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ የፖሊስ አዛዡ አንድ ትልቅ የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ። ሁለት ሺ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ገባ። ከበሩ ፊት ለፊት ወደ መካከለኞቹ በረቶች የሚወስደው ዋሻ መሰል መተላለፊያ ነው፤ ቁልቁለቱ 1 ለ 6 ነበር። በግራና በቀኝ ያሉት በረቶች ገና ሰፊ ቦታ ነበራቸው፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚመራ ምልክት በቅጡ አይታይም። በ1988 በተደረገው ተመሳሳይ ጨዋታ መካከለኞቹ በረቶች ሲሞሉ ፖሊሶች የመተላለፊያውን አፍ ዘግተው ሰውን ወደ ጎን እንደመሩ ብዙዎች መስክረዋል። በዚህ ቀን ይህን ያዘዘ አልነበረም። ለ1 ሺ 693 ሰው በሚበቃ ስፍራ ከ3 ሺ በላይ ሰው ታጎረ። በሦስተኛው በረት አንድ መከላከያ ብረት ተሰበረ። ጨዋታው በ9 ሰዓት ተጀምሮ ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። በአጥሩ ላይ የነበሩት ትናንሽ በሮች ጠባቦች ነበሩ፤ አጥሩን ለመዝለል የሞከሩትን አንዳንድ ፖሊሶች ረብሸኞች መስለዋቸው ወደ ኋላ ገፏቸው። ተመልካቾቹ ራሳቸው የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን እየነቀሉ እንደ ቃሬዛ ቆስለኛ ተሸከሙባቸው። በዚያው ቀን 94 ሰዎች ሞቱ፤ ከቀናት በኋላ 95ኛው፣ ራሱን ሳያውቅ አራት ዓመት ገደማ የቆየው 96ኛው ሰው በ1993፣ በዚያን ቀን በደረሰበት ጉዳት ሳቢያ መሞቱ የተረጋገጠው 97ኛው ሰው ደግሞ በ2021 ዐረፉ። የሁሉም ታናሽ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር።

በሩ በፖሊስ ትእዛዝ የተከፈተ ሆኖ ሳለ፣ አዛዡ በዚያው ሰዓት ደጋፊዎቹ በኃይል ሰብረው ገቡ ብሎ ተናገረ። ጋዜጦች ይህንና ከዚህ የባሰውን አስተጋቡ። ዳኛው ሎርድ ቴይለር በነሐሴ 1989 ባወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር ጉድለት መሆኑን ቢገልጹም፣ የመጀመሪያው የአሟሟት ምርመራ ችሎት «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ ዘጋው። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ሃያ ሰባት ዓመት ተሟገቱ። በ2012 ነፃ ኮሚሽን ሰነዶቹን ሲከፍት ብዙ የፖሊሶች የምስክርነት ቃል እንደተለወጠ ተገለጠ፤ በሚያዝያ 2016 አዲስ ችሎት ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ለአደጋው ምክንያት አለመሆናቸውን በየነ። ያም ሆኖ በ2019 የፖሊስ አዛዡ በወንጀል ተከሶ ጥፋተኛ አይደለም ተብሏል።

ነገሩ የብሪታንያ ብቻ አልነበረም። በ1964 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኩሶ ሕዝቡ ወደ መውጫ ሲሸሽ የታችኞቹ በሮች ተዘግተው ስለነበር 328 ሰዎች በደረጃዎቹ ላይ ታፍነው አለቁ። በ1974 በካይሮ የዛማሌክን ጨዋታ ለማየት ከመጡት 48 ሰዎች ሞቱ። በ1982 በሞስኮ ሉዥኒኪ ስታዲዮም በአንድ የመውጫ ደረጃ ላይ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በኦፊሴል 66 ነው፤ ከአይብሮክስ ጋር የተመሳሰለው በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ጭምር ነበር፤ የአገሩ መንግሥት ግን እስከ 1989 ድረስ ቁጥሩን ደብቆ አቆየው። በ2001 በአንድ ወር ውስጥ በጆሐንስበርግ 43፣ በአክራ ደግሞ ከ120 በላይ ሰዎች አለቁ። የአክራው ሁኔታ፣ ማለትም አስለቃሽ ጋዝና የተቆለፉ በሮች፣ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት በሊማ የታየው ነው።

ሎርድ ቴይለር በጥር 1990 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት፣ ስለ እግር ኳስ ተመልካቾች ደኅንነትና ቁጥጥር በመንግሥት ደረጃ የተጻፈ ዘጠነኛው ሪፖርት መሆኑን በሐዘን አመልክተዋል። በእርሳቸው አሳብ መሠረት የሜዳው አጥሮች ተነሡ፤ የሁለቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች ክለቦችም እስከ 1994 ክረምት ድረስ የመቆሚያ ደረጃዎቻቸውን በወንበር ተኩ። የሚፈቀደው የቆመ ሰው ብዛትም በአሥር ካሬ ሜትር ከ54 ወደ 47 ዝቅ አለ። የሊቨርፑሉ ኮፕ ሚያዝያ 30 ቀን 1994 ለመጨረሻ ጊዜ ቆመው በሚያዩ ሰዎች ተሞላ። በስታዲዮም ወንበር ላይ ተቀምጦ የማየት ዋጋ ግን እየናረ ሄዶ፣ ቀድሞ በትንሽ ሳንቲም የሚገባው ሠራተኛና ወጣት ቀስ በቀስ ከበሩ ውጭ ቀረ። ቴይለር ግን ወንበር ማለት ውድ ቲኬት ማለት ነው አላሉም።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ብዙ ተመልካች በወንበሩ ፊት መቆሙን አልተወም፤ ይህም የራሱ አደጋ ነበረው፤ ጉልበት ላይ የሚደርስ የወንበር ጀርባ የሚወድቅ ሰው አይዝም። በጀርመን ግን የመቆሚያ ደረጃ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ በየረድፉ የወገብ ከፍታ ያለው ብረት እየተተከለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቦታው እየተለካ ቀጥሏል። የብሪታንያ ባለሥልጣኖች ይህን አሠራር መርምረው፣ ለአንድ ወንበር ስፍራ አንድ የቆመ ሰው ብቻ እንዲፈቀድ በማድረግ ለሙከራ አምስት ክለቦችን መረጡ። በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ በሕግ ተፈቅዶ ቆሞ ጨዋታ ማየት እንደገና የተጀመረው ጥር 2 ቀን 2022 በለንደን፣ ቼልሲ ሊቨርፑልን ባስተናገደበት ጨዋታ ነው። ቀኑ የአይብሮክሱ 13ኛ ደረጃ አደጋ 51ኛ ዓመት ነበር።